የሚቆም መስታወትና የሚንጠለጠል መስታወት

ከልጅነቴ ጀምሮ ጥያቄ አያልቅብኝም። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ይቺ ልጅ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ካየች የት እንደሚገባ ሳታጣራ ቤት አትመለስም ብላ ለጎረቤት ትናገር ነበር፤ አላጋነነችም። ስለዚህ ወንድሜ ቡራዩ ላይ፣ የአባታችን አሮጌ ቤት በነበረበት ቦታ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲነሳ፣ አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ግንበኞቹን ሳይሆን እኔን ነው። ሰዎቹን ሥራ ላይ እያሉ እንዳልጠይቃቸው፣ መጠየቄ ካልቀረም በምሳ ሰዓት እንዲሆን ለመነኝ። እሺ አልኩት፤ ግን ምሳ ሰዓት ለእኔ ቶሎ ቶሎ ይደርስ ነበር።

አሮጌው ቤት የጭቃ ቤት ነበር። ወደ አምቦው አስፋልት የሚያወጣው ኮብልስቶን መንገድ በደጁ ያልፋል። ቆርቆሮው ዝጎ ነበር፤ በረንዳው ግን ሰፊ ነበር። አባቴ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስመው ከተመለሱ በኋላ እዚያ በረንዳ ላይ ወንበራቸውን ያወጣሉ። ታክሲ ለመያዝ የሚጣደፈው፣ ወፍጮ ቤት የሚሄደው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሁሉ ሲያልፍ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደሩ፣ ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብለው እንዴት እንዳደረ መልሰው ይጠይቃሉ። ተቀምጠው ሰላምታ መመለስ አይሆንላቸውም። ለልጅም ይሁን ለአዋቂ ቢያንስ ከወንበሩ ነቅነቅ ይላሉ። ጉልበታቸውን ማመም ከጀመራቸው በኋላ እንኳ ይህን አልተዉም።

ሙሉ በሙሉ ተነስተው የሚቆሙለት ሰው ግን አንድ ነው፤ የልጅነት ወዳጃቸው። ሁለቱ አብረው አርሰዋል፣ አብረው አጭደዋል፣ በአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጥተዋል፤ እርሻቸው ቀስ በቀስ ቤትና መንገድ ሲሆንም ጎን ለጎን ቆመው አይተዋል። ወዳጃቸው ዛሬም ጥቂት ላሞች አሏቸው። በየማለዳው የወተት ጀሪካናቸውን ይዘው በደጃችን ያልፉና አስፋልቱ ጋ ላለው ወተት ተቀባይ ያስረክባሉ። ሲያልፉ ቆም ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ አባቴ ብድግ ይላሉ፤ ሰላምታው ላሞቹን፣ ዝናቡንና የሰዉን ጤና ሁሉ ያካልላል። ከዚያ ይለያያሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የአባቴ ቀን የሚጀምረው በዚህ ሰላምታ ነበር ብል አልተሳሳትኩም።

ወንድሜ የፈለገው አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚያያቸው ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ይከራያል፣ አንደኛው ፎቅ የአባቴ ይሆናል፣ ሁለተኛው የእኛ። ምድር ቤቱ ስቶርፍሮንት፣ ከዚያ በላይ ያለው ከርተን ዎል ይሁን ብሎ ወሰነ። ሁለቱም መስታወት ናቸው፣ ሁለቱም በአልሙኒየም የተያዙ ናቸው፤ ለምን ሁለት ስም እንዳስፈለጋቸው ስጠይቀው የታችኛው ለታች፣ የላይኛው ለላይ ነው አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የማስተምረው ሰበታ ነው፣ ታሪክ። ወንድሜ ሥራውን የሰጠው የአልሙኒየም ባለሙያ ደግሞ ወርክሾፑ ከትምህርት ቤታችን ብዙ አይርቅም። ክፍለ ጊዜዬ ሲያልቅ ጎራ ማለት ጀመርኩ። ሰውየው ከጎንደር መጥቶ ሰበታ የከተመ፣ መቁረጫ ማሽኑ እየጮኸ እንኳ ወሬውን የማያቋርጥ ጨዋታ አዋቂ ነው። ሌላው ሰው ጥያቄዬን ሲሸሽ እሱ ወንበር ያቀርብልኛል። የመጀመሪያ ቀን ልዩነታቸውን ስጠይቀው መስፈሪያ ሜትሩን ኪሱ ከተተና አንድ ነገር ብቻ ያዢ አለኝ።

«ቲቸር፣ አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይንጠለጠላል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።»

ስቶርፍሮንት የሚቆመው ነው። በአንድ ፎቅ ወለልና ጣሪያ መካከል ተለክቶ ይገባል፤ እግሩ ወለሉን ረግጦ፣ አናቱ ከላይ ያለውን ሶሌታ፣ ማለትም የሚቀጥለውን ፎቅ የኮንክሪት ወለል፣ ነክቶ ይቆማል። ክብደቱን ወለሉ ስለሚሸከምለት አልሙኒየሙ ቀጠን ቢልም ግድ የለም፤ ቁመቱ ግን ከአንድ ፎቅ አያልፍም። በር በየደቂቃው ለሚከፈትበት፣ ሰው ለሚገባ ለሚወጣበት ሱቅ ይመቻል። ከርተን ዎል ግን የሚኖረው ከሕንፃው ውጭ ነው። ወለል አይረግጥም። በየሶሌታው ጠርዝ ላይ በብሎን በታሰረ ብረት ተይዞ ፎቆቹን ሁሉ እያለፈ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ከሕንፃው አንዳች ነገር አይሸከምም። የሚችለው የራሱን ክብደትና የነፋሱን ግፊት ነው፤ ለዚያም ነው አጥንቱ ወፈር የሚለው። ሕንፃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሰውና ዕቃ ሲበዛበትና ሲቀልለት በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ መስታወቱ አብሮ እንዳይሰነጠቅ መላወሻ ይተዉለታል። ሕንፃ እንደሚንቀሳቀስ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ለሳምንት ያህል በየክፍሉ ስገባ ግድግዳውን ሳልዳስስ አልቀመጥም ነበር።

ስለ ውሃው ግን በቃል አልረካሁም። ባለሙያው ከሁለቱም ዓይነት ቁራጭ አምጥቶ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፈሰሰባቸው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ አልፎ ወደ ውስጥ የገባ ዝናብ በስቶርፍሮንቱ በኩል ቁልቁል ወርዶ ሥር ባለው ገንዳ መሳይ አልሙኒየም ላይ ይጠራቀምና በትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣል። ሁሉም ውሃ መውጫው አንድ ቦታ ነው፣ ከታች። ከርተን ዎሉ ላይ ግን እያንዳንዱ መስታወት የራሱን ውሃ እዚያው በራሱ አግዳሚ ያስወጣል፤ የአንደኛው ፍሳሽ ለሌላው አይተርፍም። ዝናብ ከላይ እስከ ታች ፊቱን ለሚገርፈው ግድግዳ ይህ የግድ ነው አለኝ። ውሃው በቀዳዳው ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ ታክሲ አመለጠኝ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አቆመ። ከሰበታ ቡራዩ ታክሲ እየቀያየርኩ ስመላለስ በመስኮት በኩል ሕንፃ እለያለሁ። በመስታወቱ መካከል የፎቁ ኮንክሪት መስመር ከታየ የቆመ ነው፤ መስታወቱ መስመሩን ሸፍኖት ካለፈ የተንጠለጠለ ነው። አንገቴን እያጠማዘዝኩ ሳይ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች የምፈልገው ሰው የጠፋብኝ ይመስላቸዋል። ሱሉልታ ያገባች እህት አለችኝ፤ እሷን ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ ያልጠበቅሁትን ነገር አገኘሁ። የአንድ ሕንፃ ፊት ከሩቅ ከርተን ዎል ይመስላል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን ስቶርፍሮንት በስቶርፍሮንት ላይ እየደራረቡ ነው የሠሩት። የሱሉልታ ነፋስና ዝናብ ደግሞ አይጣል ነው። የላይኛው ፎቅ ፍሳሽ ለታችኛው፣ የታችኛው ለምድር ቤቱ እየተረፈ ባለሱቁ በክረምት ከየፍሳሹ ሥር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ደርድሮ እንደሚሸጥ በሳቅ ነገረኝ። ይህን ለባለሙያዬ ስነግረው ሳፋዎቹን ባላይም ሕንፃውን አውቀዋለሁ አለና ራሱን ነቀነቀ።

በዚህ ሁሉ መሀል አባቴ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በረንዳ አለው ወይ አሉ። ወንድሜ ለማስረዳት ሞከረ። የሚንጠለጠለው መስታወት ከሶሌታው ጠርዝ ውጭ ስለሚያልፍ ለበረንዳ ቦታ አይተውም፤ በረንዳ ከተፈለገ መስታወቱ ወደ ውስጥ ገብቶ በየፎቁ መቆም ይኖርበታል፣ ያኔ ደግሞ የፈለገው መልክ አይመጣም። ነገር ግን መስታወቱ አጠገብ ወንበር ቢያደርጉ ፀሐይም አቧራም ሳይነካቸው መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚያዩት ማለላቸው። አባቴ ልጃቸውን ማስከፋት አይወዱም። «ቶሌ፣ እሺ፣ መንገዱን ካየሁ ይበቃኛል» አሉ።

መስታወቱ የተሰቀለ ሰሞን እኔ በደስታ ልሞት ነበር። ባለሙያው ከላይ እስከ ታች ቱምቢ፣ ቀጥታን የሚለይ ባለ ክብደት ገመድ፣ ጥሎ ሲያይ የወንድሜ ሶሌታዎች አንዱ ሆዱን ገፍቶ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ተገኙ። አላስደነገጠውም፤ የሚያስረው ብረት ቀዳዳው ረዘም ያለ ስለሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ መስታወቱን ቀጥ አደረገው። ሶሌታው የሸሸበት ቦታ ላይ ግን በወለሉና በመስታወቱ መካከል ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ክፍተቱ እሳት የማያሳልፍ ጥጥ መሳይ ነገር ተጠቅጥቆበት በላሜራ ይዘጋል፤ ያለዚያ ጭስም ድምፅም ከፎቅ ፎቅ ይሄዳል። ጥጡ ይመጣል ተባለ። እየመጣ ነው እንደተባለ እኛ ገባን።

የላይኛው መስታወት ሪፍሌክቲቭ የሚሉት ነው። ፀሐይን ይመልሳል ብሎኝ ነበር ባለሙያው፤ ስለ ሙቀቱ የጠየቅሁትን ጥያቄ ብዛት እሱ ነው የሚያውቀው። የታችኛው የሱቁ መስታወት ግን ዕቃው እንዲታይ ተብሎ ጥርት ያለ ነው፤ ባለሱቋ መደርደሪያዋን ስታስተካክል ከመንገድ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አባቴ ወንበራቸውን መስታወቱ አጠገብ አስደረጉ። ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይወደው ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንዴ ከወጡ ወጡ ነው። ሲመሽም ለጸሎት ወደ ውስጥ ይገባሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ከዚያ አባቴ ዝም እያሉ ሄዱ። ምሳቸውን ይተዋሉ። ከፎቅ ወደ ፎቅ እየሮጠ የሚጫወተውን የወንድሜን ልጅ እንኳ እንደ በፊቱ ጠርተው ጭኑን አይቆነጥጡትም። ወንድሜ ያረጀውን ቤት ናፍቀው ነው አለ፤ እኔ ደግሞ እናቴን ናፍቀው ነው አልኩ። አንድ ቀን ራት ላይ የሚቀጥለው የማኅበር ተራ የወዳጃቸው መሆኑን አንስቼ ምን ይዘን እንሂድ ስላቸው አልሄድም አሉ። ማኅበሩንም እንደሚተዉ ጨመሩ። አባቴ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ያንን ጽዋ አስታጉለው አያውቁም፤ እናቴ ባረፈችበት ወር እንኳ ሄደዋል። ለምን ብዬ ብወተውት ቂም ይዞ ጽዋ አይጠጣም ከማለት በቀር አልተነፈሱም። ከማን ጋር እንደተቀያየሙ አልነገሩኝም። ይህ ለእኔ ቅጣት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ክፍሌ ውስጥ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር። ከወለሉ ጠርዝ፣ ከዚያ ካልተዘጋው ክፍተት፣ የአባቴ ድምፅ ወደ ላይ መጣ። «አካም ቡልተን» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግመው «አካም ቡልተን» አሉ፤ አሁን ጠንከር አድርገው። መልስ የለም። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ፤ ብድግ ብለዋል ማለት ነው። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እስክሪብቶዬን ጥዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ብቻቸውን ነበሩ። ከማን ጋር እንደሚያወሩ ስጠይቃቸው ለመደበቅ ሞከሩ፤ ከዚያ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበርና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰው ሁሉ ዘጋኝ» አሉ። «የሌላው ይሁን። እሱ ግን በየጠዋቱ እዚህ ደጃፍ ይቆማል፣ ቀና ብሎ ዓይኔን ያየኛል፣ እኔ እነሳለሁ፣ እጄን አነሳለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ማል ጎዴ? ምን አደረግሁት?»

ድምፃቸው በተዘጋ መስታወት እንደማያልፍ እሳቸውም ያውቃሉ። ግን ሱቁ ውስጥ ያለችው ልጅ በመስታወት ስለምትታይ እኔ አልታይ ይሆን የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣባቸውም፤ እሳቸው ወዳጃቸውን የሸሚዛቸው ቁልፍ ሳይቀር ያዩ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልመጣልኝም። ነገሩን ጠብ ነው ብዬ ያዝኩት። የድንበር ነገር ይሆን፣ የመሬት ወሬ ይሆን፣ አንድ ሰው ነገር አቀብሎ ይሆን እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። ሱቁ ውስጥ ያለችውን ልጅ ስጠይቃት ባለ ወተቱ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ሕንፃውን ቀና ብለው አይተው ራሳቸውን እየነቀነቁ እንደሚሄዱ፣ አንዴም ወዳጄ ፎቅ ወጣና ሰው ረሳ ሲሉ እንደሰማች ነገረችኝ። ይህ ነገሩን ይብስ አጠናከረው።

አባቴ በመጨረሻ ሽማግሌ ላኩ። ተቀያይሞ በአንድ ማኅበር መቀመጥ ነውር ነው፤ ወይ መታረቅ ነው ወይ መውጣት ነው። ሁለት የማኅበሩ ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወዳጃቸውን ይዘው መጡ። እንግዳ መቀመጫው ሁሉ ፊቱን ወደ መስታወቱ ያዞረ ነው። ወዳጃቸው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ፎቅ ወጡ፤ ከአባቴ ራቅ ብለው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሁለቱም ወለል ወለሉን ያያሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አልሄድም አልኩ፤ ወንድሜ በዓይኑ ሊያስወጣኝ ቢሞክርም አላየሁትም አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ አንተ ተናገር አሉና አባቴን አስቀደሙ። አባቴ የተበደልኩት አንድ ነው፣ ሰላምታ ነሳኝ አሉ። ሽማግሌው ወደ አባቴ ወዳጅ ዞሩ። ወዳጃቸው ቀና አሉና እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው፣ እሱ ነው ሰላምታ የነሳኝ፤ በረንዳው ከፈረሰ ጀምሮ ፊቱን አሳይቶኝ አያውቅም አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሳሽ ሁለት ሆነና ተከሳሽ ጠፋ። አባቴ በየጠዋቱ ተነስቼልሃለሁ ሲሉ ወዳጃቸው በሽማግሌ ፊት አትዋሽ አሉ። ያ ቃል ክፉ ነበር። አባቴ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ሽምግልናው ያበቃለት መሰለኝ።

ያን ጊዜ የማኅበሩ ቄስ በመንገዱ ብቅ አሉ። መስቀላቸውን ይዘው በዝግታ ወደ ሕንፃው ይመጣሉ። ትልቁ ሽማግሌ መጀመሪያ አዩዋቸውና ተነሱ፤ የተቀመጠው ሁሉ ተነሳ። ቄሱ ከደጃፋችን ሲደርሱ ቀና ብለው በቀጥታ ወደ እኛ አዩ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሱ፣ አባቴ እጅ ነሱ፣ ወዳጃቸውም እጅ ነሱ። ቄሱ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው ሰማይ ላይ ዝናብ እንደሚፈልግ ሰው ትንሽ አዩንና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «አባም ተቀየሙን?»

እኔ ከዚያ በላይ አልቆየሁም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ መንገዱ ማዶ ተሻግሬ ቀና አልኩ። አንደኛው ፎቅ የለም። ደመና አለ፣ የመብራት ምሰሶ አለ፣ ከማዶ ያለው ባህር ዛፍ አለ፤ ሽማግሌ ግን አንድም የለም። እዚያ ያሉ ሰዎች እያዩኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጄን አወዛወዝኩ፣ ዘለልኩ፣ ባህር ዛፉ ብቻ ተወዛወዘልኝ። ስንት ወር መስታወቱ ሙቀቱን ወዴት እንደሚመልሰው፣ ውሃውን በየት እንደሚያስወጣው ስጠይቅ ከርሜ፣ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አለመጠየቄ ገርሞኝ መንገድ ዳር ብቻዬን ሳቅሁ። ውጭው ብርሃን፣ ውስጡ ጥላ እስከሆነ ድረስ ከውስጥ ያለው ያያል፣ ከውጭ ያለው የሚያየው በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ነው።

ተመልሼ ስነግራቸው ወንድሜ ወዲያው ገባውና ፊቱ ቀላ። ሽማግሌዎቹ በየተራ ወርደው አይተው ተመለሱ። ወዳጃቸው ግን እስኪጠሩ አልጠበቁም፤ ደረጃውን ወረዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። በየጠዋቱ በሚቆሙባት ቦታ ላይ ቆሙና ቀና አሉ። ለረጅም ጊዜ ደመናውን አዩ።

«አሁን እዚያ አለ?» አሉኝ።

«አሉ፣ ቆመው ነው የተውኳቸው» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለመስታወቱ፣ ለምሰሶውና ለባህር ዛፉ ጎንበስ ብለው «አካም ኦልተን»፣ እንዴት ዋልክ፣ አሉ፤ ከዚያም ላሞቹን ነገሩት፣ ዝናቡን ነገሩት፣ የሰዉን ጤና ጠየቁ። መልሱን አልሰሙም። ፎቅ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች በኋላ እንደነገሩኝ አባቴ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጥተዋል፤ እሳቸውም ጥያቄውን አልሰሙም፤ ግን የወዳጃቸው ሰላምታ በምን እንደሚጀምርና በምን እንደሚያልቅ ያውቁታል። ወዳጃቸው ተመልሰው ሲወጡ ደረጃው ራስ ላይ ጠበቋቸውና ተቃቀፉ። አባቴ ባለፍክ ቁጥር እነሳልህ ነበር አሉ። ወዳጃቸውም ባለፍኩ ቁጥር እፈልግህ ነበር አሉ። እርቁ ከዚህ ያለፈ ቃል አላስፈለገውም፤ የማኅበሩንም ጽዋ ወዳጃቸው ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠጡ።

ወንድሜ መስታወቱን ሊያነሳ ነበር፤ ደንግጧል። ባለሙያው ግን አንዱን መነጠል ቢቻልም የሚንጠለጠል ነገር እንደ ሱቅ በር ዝም ተብሎ እንደማይከፈት፣ ለዚያች ቦታ ከሥሩ ወደ ውጭ ገፋ የሚል መስኮት ተለክቶ መሠራት እንዳለበት አስረዳ። ክፍተቱም እጅ የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ነው የሚሆነው። አባቴ ድምፄን ካሳለፈ ይበቃኛል አሉ። መስኮቱ እየተሠራ ነው፤ እንደ ጥጡ ይመጣል እየተባለ ነው።

እስከዚያው ግን ወዳጃቸው በየማለዳው ጀሪካናቸውን ያስቀምጣሉ፣ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ ሰላምታቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ይሄዳሉ። ለማያውቅ ሰው ሽማግሌው ከባህር ዛፍ ጥላ ጋር የሚያወሩ ይመስላል፤ ታክሲ የሚጠብቁ ልጆች አንዳንዴ ሲሳሳቁ አያለሁ። እሳቸው ግድ የላቸውም።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ሱሉልታ ሄዱ። እህቴ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ስለሆነ ጥቂት ቀን ይቆያሉ። እኔ ጠዋት ወደ ሰበታ ስወጣ ወዳጃቸው ደጃችን ላይ ቆመው ለባዶው ፎቅ ዝናብ እንደሚመጣ ሲነግሩ አገኘኋቸው። እስኪጨርሱ ጠበቅሁና አባቴ እንደሌሉ ነገርኳቸው። ሲመለሱ እንደምጠራቸው፣ እስከዚያ በከንቱ እንዳይቆሙ ለመንኳቸው። ጀሪካናቸውን አነሱ።

«ዛሬ አንቺ ነገርሽኝ» አሉኝ። «ሌላ ቀን መኖሩን አለመኖሩን በምን አውቃለሁ? ካለስ፣ ቆሞ እያየኝ እንዴት ዝም ብዬ አልፈዋለሁ?»

በማግስቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት የአባቴ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። በሰዓታቸው መጡ፣ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ፣ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ። እኔም ከወንበሩ ተነስቼ ቆምኩ፣ ጨርሰው እስኪሄዱም አልተቀመጥኩም።